ካሣ ስለሚባል ልጅ

የአዳም ልጅ ሴት ይባል እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ሔዋን በአቤል ፈንታ ሌላ ዘር እንደ ተሰጣት ተናግራ ይህን ስም አወጣችለት (ዘፍ. 4፥25)፤ በዕብራይስጥ «አኖረ» ከሚለው ቃል ጋራ ይስማማልና። በአገራችን ግን በዚህ ስም የሚጠራ ወንድ እጅግ ብርቅ ነው። ምክንያቱም ጥልቅ አይደለም፤ በአማርኛ ቃሉ የእንስት መጠሪያ ነው።

ስሙ ቢቀርም ትርጓሜው አልቀረም። በደብረ ታቦርና በጋይንት ደጋ፥ በሌላውም የአማራ አገር፥ ልጅ ሞቶባት ሌላ የወለደች እናት ካሣ ወይም ምትኩ ብላ ትሰይማለች። ደብረ ታቦርን መቀመጫ ካደረጉት ነገሥታት ሁለቱ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ እስከ 1847 ዓ.ም.፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም እስከ 1864 ዓ.ም. ዘውድ እስኪጭኑ ድረስ ካሣ ይባሉ ነበር።

ነገር ግን ካሣ የዳኝነት ቃል ነው፤ ለጠፋ ነገር የሚከፈል ዋጋ ነው። ልጅ የልጅ ዋጋ ይሆናልን? እኛስ አይሆንም እንላለን። ለጻድቁ ኢዮብ 7,000 የነበሩት በጎች 14,000 ሆነው ተመለሱለት፤ ልጆቹ ግን እንደ ቀድሞው 10 ብቻ ተወለዱለት። የፊተኞቹ በእግዚአብሔር ዘንድ ሕያዋን ናቸውና እንደ ከብቱ እጥፍ መሆን አላስፈለጋቸውም። የአቤልም ደም ሴት ስለ ተወለደ ዝም አላለም።

እናቲቱ ኀዘኗን የምታጽናናበት ነውና ስሙን አንነቅፍም። የሚያስፈራን ልጁ የሟቹን ዕድሜ የተበደረ መስሎት ማደጉ ነው፤ «ወንድምህ ቢኖር ኖሮ» እየተባለ የሚገሠጽ አለና። ቤተ ክርስቲያን በ40 ቀኑ ስታጠምቀው የማንም ምትክ ያልሆነ ስመ ክርስትና ትሰጠዋለች፤ ካህኑ ሲፈታውም ሲያቈርበውም የሚጠራው በዚሁ ነው።