ማየትና መጠየቅ

በአማርኛ ሰው ቤት መሄድን «መጠየቅ» እንለዋለን። የታመመ እንጠይቃለን፤ የታሰረ እንጠይቃለን፤ ዓመት በዓል ሲደርስ ደግሞ ዘመድ እንጠይቃለን። ከልማድ ብዛት ቃሉን ሳናስተውለው እንናገረዋለን እንጂ ትልቅ ነገር ይዟል። ደጃፍ የረገጠ ሰው «እንዴት ከረማችሁ? ልጆቹስ? ከብቱስ?» ካላለ መጣ ይባል ይሆናል እንጂ ጠየቀ አይባልም።

ሌላም ቃል አለን፤ ጉብኝት። ፏፏቴ ይጎበኛል፤ የጥንት ቤተ መንግሥት፣ ሙዚየም፣ ፓርክ ይጎበኛል። ጎብኚ ገንዘቡንና ጊዜውን ሰጥቶ ዓይኑን አጥግቦ ይመለሳል። ፏፏቴውን «እንዴት ከረምክ?» ባለማለቱ የሚወቅሰው የለም። ችግር የሚመጣው የሚጎበኘው ሰው የሆነ ጊዜ ነው። ለመሆኑ ሰውን እንደ ፏፏቴ ማየት ይገባል?

ይህ ጥያቄ ከባሕር ማዶ ለሚመጣው ቱሪስት ብቻ የሚቀርብ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከተማሪዎቻችንም ደጃፍ ከደረሰ ሰንብቷል። በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመሩት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ጂንካ ላይ ነው። አንድ የጎንደር ልጅ እዚያ ተመድቦ ይማራል እንበል። ጂንካ ከአዲስ አበባ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ጎንደር ደግሞ ከአዲስ አበባ ወዲያ ሌላ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ልጁ ከስቅለት እስከ ፋሲካ ማግስት ባለው ጊዜ ቤቱ ደርሶ ሊመለስ አይችልም። ፓስፖርት ባይጠየቅም ያለው ሰው አገር ነው። አማርኛችን እዚህም ላይ አስተዋይ ነው፤ ካርታው የሚያሳየውን ሁሉ «አገራችን» ብንልም፣ «አገርህ የት ነው?» ስንባል የምንመልሰው የእናታችንን መንደር ነው።

ልጁ በዓሉን ዶርም ተኝቶ የቤቱን ዶሮ ወጥ እያሰበ ከሚያሳልፈው፣ ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ አገር ለማየት ይወጣል። አንደኛው ጓደኛው ከወላይታ ነው፤ ሁለተኛው ከጅማ የመጣ ሙስሊም፤ ሦስተኛው የገዘር ተወላጅ፣ የአሪ ልጅ። ቅዳሜ ዲመካ ላይ የሐመሮች ገበያ ይቆማል፤ ወደዚያው ይወርዳሉ። ቅዳም ሹርን የሚያከብሩ አንዳንድ አባቶች «በዚህ ቀን ገበያ ምን አስኬደው?» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን መውጣቱን አልነቅፍም። አራት ዓመት ጂንካ ኖሮ ከግቢው አጥር ወዲያ ያለውን ሳያይ የሚመረቅ ተማሪ ብዙ ነው፤ እሱ ከዚህ ይሻላል። የምጠይቀው ገበያው ከደረሰ በኋላ ስለሚያደርገው ነው።

ይህ የጎንደር ልጅ መታየት ምን እንደሆነ ከብዙዎች አብልጦ ያውቃል። በጥምቀት ዕለት ከፋሲለደስ መዋኛ አጠገብ እናቱ ነጠላዋን አጣፍታ ስትጸልይ፣ የማታውቀው ሰው ካሜራ ፊቷ ላይ ሲደቀን አይቶ አድጓል። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር ተደስቷል፤ ደስ ሊለውም ይገባል። ሆኖም ካሜራው እናቱን «ስምሽ ማን ነው? ስለምን ትጸልያለሽ?» ብሏት አያውቅም። ያ ልጅ ዛሬ ዲመካ ቆሞ ስልኩን ከኪሱ ያወጣል። ፊት ለፊቱ ፀጉሯን በቅቤና በቀይ አፈር የተሠራች ሐመር ቅል ዘርግታ ተቀምጣለች። የመጣችው ልትሸጥና ልትገዛ ነው። እሱ ግን ቅሉን አይገዛም፤ ስልኩን ይደቅናል።

የሚያሳዝነው መታየት ብቻውን ማየትን አለማስተማሩ ነው። የተበደለ ሰው ሁሉ በደልን አይጸየፍም፤ አንዳንዱ ተራው እስኪደርስ ብቻ ይጠብቃል።

«ክፈል!» ይባላል። በኦሞ ሸለቆ ለፎቶ መክፈል የታወቀ ነገር ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ገንዘብ አበላሻቸው» ይላል። ይህ ፍርድ ሚዛኑን የሳተ ይመስለኛል። ፎቶ አንሺው ምስሉን ይዞ ይሄዳል፤ ፖስት ካርድ ያሳትመዋል፣ ይሸጠዋል፣ ወይም ለወዳጆቹ እያሳየ ይኮራበታል። የፊቷን ዋጋ የጠየቀች ሴት ከገበያ የተማረችውን ሕግ ነው የተናገረችው። ከሙርሲዎች ጋር ለብዙ ዓመታት የሠራው እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሙርሲዎችና በቱሪስቶች መካከል ያለውን ምቾት የሌለው ግንኙነት ተንትኗል። ሙርሲዎች በአዘቦት የማያደርጉትን ጌጥ ለፎቶ ሲሉ ይደራርባሉ። ጎብኚው «እውነተኛውን ሕይወት አየሁ» ብሎ ይመለሳል፤ ያየው ግን ለእሱ የተዘጋጀለትን ነው።

የክፍያው ችግር ሌላ ነው። ዋጋ ሂሳብ ይዘጋል። ብሩን የሰጠውም የተቀበለችውም ከዚያ በኋላ አንዳቸው ለሌላው ምንም ዕዳ የለባቸውም። ጥየቃ ደግሞ ተፈጥሮው ዕዳ ነው፤ ዛሬ የጠየቅኸኝን ነገ እጠይቅሃለሁ። ስለዚህ በፎቶው ላይ ክፍያው ፍትሕ ቢሆንም ለትውውቅ ምትክ ሊሆን አይችልም።

የማይጠይቅ ዓይን ሌላም ስሕተት ያመጣል፤ የዛሬውን ሰው የጥንት አድርጎ ያየዋል። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ከአፈሩ በወጡት የጥንት ቅሪተ አካላት ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ኪቢሽ አካባቢ የተገኘው የሰው ቅሪት ዕድሜው ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት እንደሚሆን በ2022 የወጣ ጥናት አመልክቷል። የቱሪስት ማስታወቂያ ግን ከመሬት በታች ያለውንና ከላይ የሚራመደውን እየቀላቀለ ሕያዋኑን የድንጋይ ዘመን ሰዎች ያደርጋቸዋል። የዲመካዋ ሴት የጎንደሬው ተማሪ ዘመነኛ ናት። የምታስበው የዛሬውን የበቆሎ ዋጋ፣ የዛሬውን ዝናብ፣ ትምህርት ቤት የገባ ልጅዋን ሊሆን ይችላል። ለኦሞ ዳር ገበሬ ደግሞ ጊቤ 3 በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ማሽላ ይዘራበት የነበረው የወንዙ ሙላት እንደ ቀድሞው አለመምጣቱ የኑሮው ጉዳይ ነው። ይህ ሁሉ ፎቶ ላይ አይወጣም። የሚሰማው የጠየቀ ብቻ ነው።

ሐመሮች ራሳቸው በእንግዳና በተመልካች መካከል ያለውን ልዩነት በደንብ ያውቁታል። ከብት የሚዘል ወጣት ዘመዶቹን ሲጠራ ቋጠሮ ያለበት ገመድ ይልክላቸዋል። ተጠሪው በየቀኑ አንድ ቋጠሮ እየፈታ ይቆጥራል፤ ቋጠሮው ሲያልቅ ቀኑ ደረሰ ማለት ነው። እንግዳ ማለት ቀን ሲቆጥር የሰነበተ፣ ሳይመጣ ቢቀር «ምነው?» የሚባል ሰው ነው። በላንድክሩዘር ደርሶ ሲመሽ የሚመለሰው ቋጠሮ አልተላከለትም፤ ቢቀርም የሚጠይቅ የለም።

በዚያው ሥርዓት ላይ የዘላዩ እህቶችና ዘመዶች በጅራፍ ይገረፋሉ፤ ግረፉን ብለው የሚለምኑትም እነሱ ናቸው። ተመልካች ይህን አይቶ ወይ ይደነግጣል፣ ወይ ፎቶ ያነሳል። የጠየቀ ሰው ግን ጠባሳው በወንድሟ ላይ የሚጻፍ ዕዳ መሆኑን ይሰማል፤ በችግሯ ቀን ልትጠራው መብት ይሰጣታል። ይህን ማወቅ ግርፋቱን መውደድ አይደለም። መጠየቅ ማጽደቅ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል። እንዲያውም ጠይቆ የተረዳ ብቻ ነው የሚደመጥ ትችት ሊሰነዝር የሚችለው። እርግማን አለባቸው የሚባሉ ሕፃናት የሚጠፉበትን የሚንጊ ልማድ ካራዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያስቀሩት፣ ግንባር ቀደም ሆኖ የታገለው ላሌ ላቡኮ የተባለ የዚያው የካራ ልጅ ነው። ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

«የሁለት ቀን መንገደኛ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣዋል?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ከሁለት ቀን መንገደኛ ብዙ አይጠበቅም። ተማሪው ግን የሁለት ቀን ሰው አይደለም። በኪሱ የቱሪስት ያህል ገንዘብ ባይኖረውም ቱሪስት የሌለው ጊዜ አለው። ከዚህም በላይ ጓደኛ አለው።

በፋሲካ ዕለት የአሪው ልጅ ሁሉንም ይዞ ገዘር ቤተሰቦቹ ዘንድ ይወስዳቸዋል እንበል። ጓሮው እንሰትና ቡና ነው። እናቲቱ የጎንደሬውን እጅ ይዛ ታስቀምጠዋለች፤ ልጇም እያስተረጎመ ጥያቄው ይወርዳል። «እናትህ አለች? ስንት ናችሁ? እናንተ ዘንድ ዝናብ ገባ? በዓሉን ያለአንተ ምን ታደርግ ይሆን?» አገር ሊያይ የወጣው ልጅ ተጠየቀ። ሲጠየቅም መልሶ መጠየቅ ይቀለዋል። ከቡና ገለባ የፈላው ሸፈሮ በቅል ሲዞር ፉት ይላል። በመጨረሻ ፎቶ ቢነሱ እንኳ አብረው ነው የሚነሱት፤ እሱም ከምስሉ ውስጥ ነው፤ አንዱ ቅጂም ለቤቱ ይቀራል።

በቅዳሜና በእሑድ መካከል የተለወጠው ምንድን ነው? በገዘር አንድ ሰው መሃል ቆሞ «እናቴ ናት» አለ። ዲመካ ላይ እንዲህ የሚል አልነበረም። የዲመካዋ ሴትም ግን የአንድ ሰው እናት ናት። ምናልባት ልጇ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከጎንደሬው ሁለት ዶርም አለፍ ብሎ ይተኛል። የሥነ ምግባር ጥያቄው ሁሉ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ «እናቴ ናት» የሚል ሰው በሌለበት እናት መሆኗን ማሰብ። ስሟን ጠይቆ፣ ቅሉን ተከራክሮ ገዝቶ፣ «እንዴት ከረምሽ?» የምትለዋን አንዲት የሐመር ቃል አጥንቶ መሄድ ለተማሪ ከባድ አይደለም።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ልጁ ተመርቆ አገሩ ከገባ ከዓመታት በኋላ አንድ የፋሲካ ዋዜማ ጂንካ ትናፍቀው እንደሆነ፣ በስም የሚያስታውሰውና ደውሎ «እንኳን አደረሰህ» የሚለው ሰው እዚያ ካለው፣ ያ ጉዞው ጥየቃ ነበር። ከስልኩ ውስጥ ስማቸውን የማያውቃቸው ሰዎች ፊት ብቻ ከቀረለት ግን አየ እንጂ አልጠየቀም።