እሬት እና ሰብር

«ሰብር አድርግ» የሚለው ቃል ለታመመም፣ ለከሰረም፣ ለተራበም ይሰጣል። ለመሆኑ የጠገበ ሰው ለተራበው ይህን ሊል ይገባዋልን?

በዐረብኛ ሰብር፣ ማለትም ትዕግሥት፣ እና የእሬት ተክል ስም ከአንድ ሥር፣ ከሷድ፣ ከባእ እና ከራእ የወጡ ናቸው። ሁለቱም መራራ ናቸውና ዝምድናው አይደንቅም። የሚደንቀው እሬት ድርቅን የምትታገስበት መንገድ ነው። በአገራችን ከ30 በላይ ዓይነት እሬት አለ። ሌሎች ዕፅዋት አየር የሚያስገቡባቸውን ረቂቅ ቀዳዳዎች በቀን ሲከፍቱ፣ እሬት ግን ፀሐይ ውኃዋን እንዳትመጥባት ቀን ዘግታ ሌሊት ትከፍታለች። በሌሊት ያስገባችውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ አስቀምጣ፣ ሲነጋ በፀሐይ ብርሃን ምግቧን ትሠራበታለች። ሥሮቿ ከመሬት ገጽ ብዙም ስለማይርቁ የካፊያውን ውኃ እንኳ ይሻማሉ። ውኃውም በወፍራም ቅጠሎቿ ውስጥ ይከማቻል፤ ከቆዳው ሥር ያለው መራራ ፈሳሽ ደግሞ እንስሳ እንዳይበላት ይጠብቃታል። እንግዲህ የእሬት ትዕግሥት ዝናብ ሳለ የተጀመረ ሥራ ነው። አበባዋንም የምታወጣው ከዚሁ ስንቅ ነው።

አሁን ወደ ወላይታ እንመለስ። ከቦዲቲ ወደ ብላቴ ወንዝ ሲወረድ አገሩ ቆላ ነው፤ ቦዲቲ ራሷ ግን በእንሰት የተከበበች ለምለም ወይና ደጋ ናት። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ሲቀር ስኳር ድንቹ ጠፋ፣ ረሃብም ገባ። ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ሕፃናት በመክሳታቸው «አረንጓዴ ረሃብ» ተባለ። ከመንገድ ላይ ሆኖ ልምላሜውን ያየ መንገደኛ ረሃቡን አላየም። የሰማውም ቢሆን «ሕዝቡ ጠንካራ ነው፣ ለምዶታል» ብሎ አለፈ። ይህ ምስጋና ይመስላል፤ ለእኔ ግን የተጠያቂነት ሽሽት ነው። መሬቱ በሰው ብዛት ተጣቦ የአንድ ቤተሰብ ማሳ እጅግ ካነሰ፣ ገበሬው ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠውን ከየት ያመጣል? ለእሬት ወፍራም ቅጠል ተሰጥቷታል፤ ለሰው የተሰጠው ጎረቤት ነው።

ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) በሰብር የሚታወቁ ነቢይ ናቸው። ሆኖም እኚሁ አባት ልጆቻቸውን እህል እንዲያመጡ ወደ ምስር ልከዋል፤ የጠፋውን ዩሱፍንም ፈልጉ ብለዋቸዋል። ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በበኩላቸው የምስርን ሕዝብ ድርቁን በትዕግሥት እለፉ ብለው አልተዉትም፤ በጥጋቡ ሰባት ዓመት እህሉን ከነዛላው አስቀመጡለት። ሰብር ራሱ ባለ መከራው የሚይዘው ነው፤ የጎተራው ጉዳይ ግን ጎተራ ያለውን ሰው ይመለከታል።

በወላይታ ጎተራው የግድ የእህል ላይሆን ይችላል። ስኳር ድንች የሚተከለው ከሐረጉ ተቆርጦ ነው። ድርቅ ሲበረታ ሐረጉም አብሮ ይደርቃልና ዝናቡ ሲመለስ ገበሬው መሬት እያለው የሚተክለው ያጣል። ስለዚህ ውኃ ባለበት ቦታ ሐረግ አባዝቶ ማቆየት ያስፈልጋል፤ ይህም የሚደረገው ገና ማንም ሳይራብ ነው።