ሀዋሳ ማለት ሰፊ ማለት ነው

የከተማችንን ስም ሳታነሱ የምትውሉበት ቀን የለም። የአውቶቡስ ረዳት በመናኸሪያ ይጮኸዋል፤ በጸሎት ፕሮግራማችንም «ጌታ ሆይ፣ ሀዋሳን ባርክ» እንላለን። ትርጉሙን ግን ስንቶቻችሁ ጠይቃችኋል?

ስሙ የሲዳምኛ ነው። «ሰፊ» ማለት ሲሆን የተሰጠውም ለሐይቁ ነው። ከተማው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲቆረቆር ስፍራው አዳሬ የሚባል የከብት መሰማሪያ ነበር፤ ይህን ስም ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በሆስፒታሉ ነው። ከተማው የሐይቁን ስም ወሰደ፤ ለረጅም ዘመንም «አዋሳ» ተብሎ ሲጻፍ ቆይቶ ኋላ «ሀዋሳ» ተባለ።

«አንድ ፊደል ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። ሀና የምትባል እህት በኅብረታችሁ ውስጥ አለች እንበል። «አና» ብላችሁ ብትጠሯት የመጀመሪያው ቀን ባለማወቅ ነው። ከነገረቻችሁ በኋላም ከቀጠላችሁ ግን ስሟ ለእናንተ ግድ እንደማይሰጣችሁ ታውቃለች። የቦታ ስምም እንዲሁ ነው፤ ከበስተኋላው የሰየመው ሕዝብ አለ። ባልንጀራን መውደድ እርሱ እንደሚጠራው መጥራትን ይጨምራል።

ምናልባት አንዳንዶቻችን «መንፈሳዊ ስም አይሻልም ወይ?» እንል ይሆናል። ተራራችን ታቦር ይባላል፤ አዳማም በንጉሡ ዘመን ናዝሬት ተብላ ነበር፤ ዛሬ በቀድሞ ስሟ ትጠራለች። ነገር ግን ናዝሬትን ያከበራት ስሟ አይደለም። ናትናኤል ስሟን ሲሰማ መልካም ነገር ከዚያ መውጣቱን ተጠራጥሯል። ያከበራት በዚያ ያደገው ጌታ ነው።

ስለ ስም ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረኝ ይስሐቅ ነው (ዘፍ. 26፥12-22)። ፍልስጥኤማውያን የአብርሃምን ጉድጓዶች ደፍነዋቸው ነበር። ይስሐቅ እንደገና ቆፈራቸው፤ አባቱ በጠራቸውም ስም ጠራቸው። የአባቶችን ስም መመለስ እንግዲህ ነውር አይደለም። ከዚያ ግን አዲስ ሲቆፍር እረኞች ተጣሉት፤ ዔሤቅ አለው። ሌላ ቆፈረ፣ በዚያም ተጣሉት፤ ስጥና አለው። ትቶ ሄዶ ሦስተኛውን ቆፈረ፤ የሚጣላው ስላልነበረ ርኆቦት አለው። ርኆቦት ማለት ሰፊ ስፍራ ነው። የእኛ ሐይቅና የይስሐቅ ጉድጓድ በትርጉም ወንድማማች ናቸው ማለት ነው።

ይህን ምዕራፍ አንብበን «የተገፋ ሰው ዝም ብሎ ይልቀቅ» ብንል ግን እንሳሳታለን። ይስሐቅ ደካማ አልነበረም። አቢሜሌክ ከአገሩ እንዲወጣ የነገረው እጅግ ስለ በረታባቸው ነው። ስለዚህ ስፍራ መልቀቅ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ከበረታው ነው።

በ2010 እና በ2011 በከተማችን የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ሰው ሞተ፤ አብረው የኖሩ ጎረቤታሞች ተፈራሩ። ስሟ «ሰፊ» የሆነ ከተማ ጠበበች። ኅዳር 10 ቀን 2012 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ሕዝቡ የሲዳማን ክልል መረጠ፤ ሀዋሳም ዛሬ የክልሉ መዲና ናት። ስሙን ካወጣው ሕዝብ የተወለድክ ወንድሜ፣ ስምህ ተመልሷል፤ እንግዲህ ትርጉሙ ይጠይቅሃል። ከሌላ አገር የመጡ ወላጆች ያሉሽ እህቴ፣ አንቺም ስሙን አክብረሽ ጥሪ፤ በሲዳምኛ ሰላምታ መስጠትን ተማሪ። ደግሞም ሁላችንም ባለንበት፣ በመዘምራን ክፍልም ሆነ በዶርም፣ ተራ በተራ ብርቱ እንሆናለን፤ ያን ጊዜ እንደ ይስሐቅ ስፍራ የመልቀቅ ተራው የእኛ ነው።

በሚቀጥለው የኅብረት ቀን ከመዝሙር በፊት አንድ ጥያቄ ተወያዩ፦ በመካከላችን ስፍራ የጠበበው ማን ነው? መልሱ የአንድ ሰው ስም ከሆነ፣ ስሙን በትክክል ጥሩትና አጠገባችሁ አስቀምጡት።