አዳኝ

«አዳኝ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ነፍስ የሚያተርፈውንም አውሬ የሚገድለውንም ጽፏል፤ ሁለቱን የሚለያቸው የ«ዳ» መጥበቅና መላላት ብቻ ነው። ሐኪም እንደ መሆኔ ከፊተኛው ወገን ነኝ እያልኩ ኖሬአለሁ።

በቨርጂኒያ የሚገኘው የሜሰን ኔክ የዱር እንስሳት መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የአሜሪካ ምልክት የሆነውን ንስር ለመጠበቅ ነበር። አጋዘን የሚበላው ተኩላ ግን ከዚያ አገር ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል። አጋዘኖቹ ሲበዙ ቡቃያውን ይጨርሳሉ፤ ዱሩም ተተኪ ዛፍ ያጣል። ስለዚህ በተወሰኑ ቀናት፣ ዕጣ ለወጣላቸው ሰዎች አደን ይፈቀዳል። አንድ ዓመት ዕጣው ለእኔ ወጣ።

ሙያዬ ያስተማረኝ ከፊቴ የተቀመጠውን አንድ በሽተኛ ማከም ነው። በዚያ ማለዳ ግን በሽተኛው ዱሩ እንደሆነ ለራሴ ነገርኩት። አንዲት እንስት ብቅ አለች፤ ተኮስኩ። ወዲያው አልወደቀችም። ደሟን ተከትዬ ስደርስ ገና ትተነፍስ ነበር፤ ዓይኗም እኔን ይመለከት ነበር። በሁለተኛ ጥይት ጨረስኳት።

ባለቤቴ ሥጋውን አይታ፣ «ሳይባረክ የሞተ በክት ነው» ብላ ሳትነካው ቀረች። በመጀመሪያ ሳቅሁባት፤ ሲያድር ግን ነገሩ ከነከነኝ። አራጅ የፈጣሪን ስም የሚጠራው ሕይወቲቱ የእርሱ ንብረት አለመሆኗን ለመመስከር አይደለምን? እኔ ወደ ዱሩ ስገባ በልቤ የያዝኩት የአጋዘኖቹን ብዛት ብቻ ነበር።

አደኑ እንደሚያስፈልግ ዛሬም አምናለሁ። ይሁንና አስፈላጊነት ለግድያው ምክንያት ቢሆን እንጂ የገዳዩን እጅ አያጥብም። ዕጣው ዳግም ቢወጣልኝ እሄዳለሁ፤ ጥይቱ የእኔ መሆኑን አስቀድሜ አምኜ።