ያላዩትን መሳል ውሸት ነውን?

አንድ ተማሪዬ በስልኩ ምስል አሳየኝ። ሁለት ጥቁር ክቦች እየተዟዟሩ ይቀራረቡና በመጨረሻ አንድ ይሆናሉ። «ኡስታዝ፣ ይህን ማን ቀረጸው?» አለኝ። የኮምፒውተር ሥራ መሆኑን ሳይ «እንግዲያው ውሸት ነው» ብዬ አሰናበትኩት። በኋላ ስለ ጉዳዩ ሳነብ ግን የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ።

ጥቁር ጉድጓድ የሚባለው ስበቱ ከመበርታቱ የተነሳ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው የሰማይ አካል ነው። የስበትን ሕግ የሚገልጸውን ቀመር አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1915 አስቀምጦታል። ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሲዋሃዱ ምን እንደሚሆን ከዚህ ቀመር በእጅ አስልቶ ማግኘት ስላልተቻለ ሥራው ለኮምፒውተር ተሰጠ። የመጀመሪያው ሙከራ በ1964 ተደረገ። ነገር ግን ጥቂት እንደተሰላ ስሕተት በስሕተት ላይ እየተደራረበ ስሌቱ ይፈርስ ነበር። ፍራንስ ፕሪቶሪየስ የተባለ ሊቅ ዙረቱን እስከ ውህደቱ አስልቶ የጨረሰው በ2005 ነው፤ አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ማለት ነው። ወዲያው ሌሎች ሁለት ቡድኖች በሌላ ዘዴ ተሳካላቸው።

ታዲያ ይህ እውቀት ነው ወይስ ግምት? ስሌቱ የሚለው «ቀመሩ ትክክል ከሆነ እንዲህ ይሆናል» ነው። ታማኝነቱ «ከሆነ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ምስክሩ የመጣው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ነበር። አሜሪካ ውስጥ በሐንፎርድና በሊቪንግስተን የሚገኙ ሁለት መሣሪያዎች ከአንድ ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ ከተፈጸመ ውህደት የመጣ ሞገድ ያዙ። የተዋሃዱት አንዱ 36፣ ሌላው 29 ፀሐዮችን ያህል ይመዝኑ ነበር፤ አንድ ሲሆኑ ግን 62 ገደማ ሆኑ። የጎደለው 3 ያህሉ ሞገድ ሆኖ ሄዷል። የሞገዱም ቅርጽ ኮምፒውተሩ አስቀድሞ ካሰላው ጋር ገጠመ።

ይህም ሆኖ ተማሪዬ ያሳየኝ ምስል ፎቶግራፍ አይደለም። «ፎቶ ነው» የሚል ይዋሻል፤ እንደ እኔ ሳይመረምር «ውሸት ነው» የሚልም ያለ እውቀት ይመሰክራል። ውሸቱ ያላዩትን መሳል ሳይሆን እንዴት እንዳወቁት መደበቅ ነው።

በመድረሳ ሳለን «ሰማሁ» እና «ተባለ» አንድ አይደሉም ተብለን ተምረናል። ሆኖም ለጋብቻ ስለታሰበ ወጣት ጎረቤት ሲጠይቀን፣ የገመትነውን «አውቃለሁ» እያልን ስንት ትዳር አበላሽተን ይሆን?

በማግስቱ ተማሪዬን በጓደኞቹ ፊት «ትናንት ሳላውቅ ነው የመለስኩልህ» አልኩት። ከበደኝ። እናንተስ፣ ልጆቻችሁ ይህን ቃል ከአፋችሁ ሰምተውት ያውቃሉ?