አንድ ነው የሚለው ማን ነው?

ጉለሌ ከአገሪቱ ብዙ አቅጣጫ ሕመምተኛ የሚመጣበት ክፍለ ከተማ ነው። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ እዚያ ነው፤ ሰፈሩ ፓስተር እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም እዚያው። በአገራችን ሕክምና የሚጀመረው ደግሞ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ነው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ለእንዲህ ያለ መስኮት ሶፍትዌር የሚሠራ ፕሮግራመር የትኛውን የፍለጋ ሞተር ይምረጥ? አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው ፍጥነት ነው። እኔ ግን ከፍጥነት በፊት ሊጠየቅ የሚገባ አለ እላለሁ፦ ሞተሩ ሁለት ስሞችን «አንድ ናቸው» የሚለው በምን ዳኝነት ነው?

ፀሐይ የሚለውን ስም እንውሰድ። መነሻው ፀ ወይም ጸ ሊሆን ይችላል። መካከሉ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ። ሲባዛ 12 አጻጻፍ ይሆናል፤ ለጆሯችን ሁሉም አንድ ሴት ናት። ለኮምፒውተሩ ግን 12 ስሞች ናቸው፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አግኝቷልና። ያ ትክክል ነበር፤ ጥንታዊ ጽሑፍ የሚያጠና ሰው ልዩነቱን ይፈልገዋል።

ዳግ ከቲንግ ሉሲን የተባለውን የፍለጋ ሶፍትዌር የጀመረውም በዚያው በ1999 ነበር። ዛሬ ስማቸው የሚነሣው ሶልርና ኤላስቲክሰርች የተገነቡት በእርሱ ላይ ነው። አብረውት የሚመጡት የቋንቋ ደንቦች ዓረብኛን፣ ሕንድኛን፣ ባስክኛን ሳይቀር ያውቃሉ፤ አማርኛ የለበትም። አማርኛ ሲሰጠው ታዲያ በምን ይፈርዳል? ኤላስቲክሰርች የፊደል ስሕተትን ችላ ብሎ እንዲፈልግ ሲታዘዝ የሚጠቀምበት የተለመደ ልክ፣ ከ3 እስከ 5 ፊደል ላለው ቃል የ1 ፊደል ልዩነት ይፈቅዳል። አበበ እና አበራ በላቲን ሲጻፉ አምስት አምስት ፊደል ናቸው፤ በሁለቱ ይለያያሉ፤ ስለዚህ አይቀላቀሉም። በእኛ ፊደል ግን ሦስት ሦስት ናቸው፤ የሚለያቸው አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ አበበን ለሚፈልግ ሰው አበራም ይመጣለታል፤ አበበችም እንዲሁ። ፀሐይ እና ጸሀይ ግን በሁለት ፊደል ስለሚለያዩ አይገናኙም። ሞተሩ ሁለት ሰዎችን አቀራረበ፤ አንዷን ሴት ለሁለት ከፈለ። ማንም አልተሳሳተም፤ በሌላ ፊደል የተሰፈረ መለኪያ ሳይጠየቅ ወደኛ መስኮት መጣ እንጂ።

ሁለቱ ጥፋቶች እኩል አይመዝኑም። የፀሐይ ካርድ ሲታጣ አዲስ ይወጣላታል፤ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት የተጻፈው አሮጌው ካርድ ላይ ይቀራል። የአበራ ካርድ ለአበበ ሲወጣ ደግሞ ሐኪሙ የሌላ ሰው ሕመም ያነብባል። ለእኔ ሁለተኛው ይከፋል፤ የመጀመሪያው ዕውቀትን ይቀንሳል፣ ሁለተኛው ሐሰትን እውነት አስመስሎ ያቀርባል። ከዚህ የሚከተለው፣ ሞተሩ አጻጻፍን በልግስና ያመሳስል፤ ሰውን ግን አይምረጥ። የተቀራረቡትን ሁሉ ከዕድሜ፣ ከወረዳና ከስልክ ቁጥር ጋር ይደርድር፤ ፍርዱን ሕመምተኛዋን ፊት ለፊት ለሚያያት ሠራተኛ ይተው።

የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር እያለ በስም መፈለግ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ቁጥር ያለው ሰው በቁጥሩ ይፈለግ። ነገር ግን ሌሊት ራሷን ስታ ድንገተኛ ክፍል የገባች ሴት ቁጥሯን አትናገርም፤ ጎረቤቷ የሚያውቀው ስሟን ነው። ሌላው ተቃውሞ የፊደል ወዳጆች ነው፦ ሠረቀና ሰረቀን ማመሳሰል ቋንቋን ማደህየት አይሆንም? እንዲህ ድምፃቸው አንድ የሆነ ሞክሼ ፊደላት የሚመሳሰሉት ለፍለጋ በተዘጋጀው ቅጂ ብቻ ከሆነ አይሆንም። ካርዱ ላይ የሕመምተኛዋ ስም እንደጻፈችው ይቆያል፤ መቆየትም አለበት።

እንግዲህ የትኛው ሞተር ይመረጥ? ሉሲንም ልጆቹም ጽሑፉ ከመመዝገቡ በፊት ፊደልን በፊደል የሚተካ ሰንጠረዥ ይቀበላሉ። አንድ ሰርቨር ላላት ጤና ጣቢያ ግን ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ውስጥ በሰንጠረዡ የተመሳሰለው ስም የሚቀመጥበት አንድ ተጨማሪ ዓምድ ይበቃል፤ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ከጉለሌ፣ የጉለሌ፣ ጉለሌን የሚሉትን አንድ ማድረግ ያለበት የጋዜጣ መዝገብ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት የአማርኛ ቃላትን ከቅጥያ የማራገፍ ጥናት የሚጠቅመው እዚያ ነው። ሞተር ደግሞ ሊለወጥ ይችላል፦ ኤላስቲክሰርች እ.ኤ.አ. በ2021 የአጠቃቀም ፈቃዱን ሲለውጥ አማዞን ኦፕንሰርች የተባለ የራሱን ቅጂ ገንጥሎ አወጣ፤ የእኛ ጤና ጣቢያ እንዲህ ያለ አቅም የላትም። ስለዚህ ሰንጠረዡ ከሞተሩ ተነጥሎ፣ ፕሮግራም ለማያውቅም በሚነበብ ተራ ፋይል ይቀመጥ። ሶፍትዌሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊትም ካርድ ክፍል ውስጥ ለዓመታት የቆዩት ሠራተኞች መስመር በመስመር ይዩት፤ የትኞቹ ስሞች እንደሚምታቱ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።