ሣሩ ሥር ምን አለ?

በአሜሪካ ሲያትል ከተማ፣ ሌክ ዩኒየን በተባለው ሐይቅ ዳር «ጋዝ ወርክስ ፓርክ» የሚሉት መናፈሻ አለ። የጋዝ ፋብሪካ መናፈሻ እንደማለት ነው። መቼም ለመናፈሻ የሚሆን ስም አይደለም፤ ሰዉ ግን ይወደዋል። ልጆች ኮረብታው ላይ ወጥተው ካይት ያበርራሉ፣ ወጣቶች ሣሩ ላይ ጋደም ብለው ማዶ ያለውን ከተማ ያያሉ። መሀል ላይ የዛጉ የብረት ማማዎች ተገትረዋል።

ከ1906 እስከ 1956 (እንደ ፈረንጆቹ) እዚያ ቦታ መጀመሪያ ከድንጋይ ከሰል፣ በኋላም ከዘይት ጋዝ ይመረት ነበር። ከተማው በጋዙ ተጠቀመ፤ ሬንጁና ዝቃጩ አፈሩ ውስጥ ሰረገ። ሪቻርድ ሃግ የተባለው የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ ሥራውን ሲረከብ ማማዎቹን አላስፈረሰም። አፈሩንም ሙልጭ አድርጎ ሌላ ቦታ ከማስደፋት ይልቅ፣ ከፍሳሽ ዝቃጭና ከሰጋቱራ ጋር እያደባለቀ ዘይት የሚበሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ሥራቸውን እንዲሠሩ አደረገ። ልጆቹ የሚሮጡበት ኮረብታ ራሱ አፈር የለበሰ የፋብሪካው ፍርስራሽ ነው። መናፈሻው በ1975 ተከፈተ። በ1984 አፈሩ ውስጥ ጎጂ ኬሚካል ተገኝቶ ለወራት ተዘጋ፣ ከዚያ ተከፈተ። ዛሬም ከዳርቻው ሐይቁ ውስጥ መግባት ክልክል ነው።

እንግዲህ ይሄ መሬት ጸዳ ይባላል ወይስ አልጸዳም?

ቆፍሮ፣ ጭኖ መውሰድ ፍጹም ጽዳት ይመስላል። ግን የተጫነው አፈር የሚራገፍበት ቦታም የሆነ ሰው ሰፈር ነው። ከላይ ንጹሕ አፈር አልብሶ ሣር መትከልም አለ፤ ይረክሳል፣ ቶሎም ያምራል። ቁስልን ሳይጠርጉ እንደማሸግ እንዳይሆን የሚያሰጋው ይሄኛው ነው። ክዳኑን ማን ይጠብቀዋል? ከ50 ዓመት በኋላ ቧንቧ ሊቀብር ዶማ የሚያነሳው ሰውዬ በምን ያውቃል?

አንዳንድ ወዳጆቼ «ሰው መናፈሻ የሚሄደው ሊረሳ ነው እንጂ ስለ ሬንጅ ሊማር ነው እንዴ?» ይሉኛል። እውነት አላቸው። እኔም ብሆን ሣር ላይ ተጋድሜ ስለ መርዝ ማሰብ አያምረኝም። ነገር ግን ላለማሰብ የምመርጠው እኔ ነኝ፤ እንዳላውቅ ሌላ ሰው ሲወስንልኝ ግን ያ ውለታ አይደለም። የሃግን ማማዎች የምወዳቸው ለዚህ ነው። ውበታቸውን ተዉት፤ ቦታው ምን እንደነበር አይዋሹም።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ተሸከመ። የእኔም የእናንተም የሙዝ ልጣጭ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የተሰበረ ብርጭቆ እዚያ ነው። «ብቻ ከደጄ ይራቅልኝ» ያልነው ሁሉ የሌላ ሰው ደጅ ሲጠራቀም ኖረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

እንዲህ ያለ ቦታ አንድ ቀን ይለመልም ይሆናል። በዓለም ላይ ሆኗልና ይቻላል፤ ችኮላ ግን አይሆንም። የተቀበረ ቆሻሻ ለዓመታት ጋዝ ይተፋል፣ መሬቱም እያደር ይሰምጣል። ኒውዮርክ የፍሬሽ ኪልስን የቆሻሻ ተራራ በ2001 ዘግታ፣ ከክምሩ ክልል ውስጥ የመጀመሪያውን የመናፈሻ ክፍል ለሕዝብ የከፈተችው በ2023 ነው፤ 22 ዓመት መሆኑ ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሰፈር ሲያምር ኪራይ ይወደዳል። ሽታውን 30 ዓመት የታገሡት እናት፣ አበባው ሲደርስ የት ይሆናሉ? እኛ ከሌላ ሰፈር መኪናችንን አቁመን፣ ቡና አዝዘን ፎቶ ስንነሳ፣ እሳቸው ከከተማው ዳር አዲስ ቆሻሻ አጠገብ ቤት እየፈለጉ ይሆን? ያ ከሆነ ያጸዳነው መሬቱን ብቻ ነው፤ ዕዳው እንዳለ ነው። በእኔ ግምት ጉዳቱን የተሸከመ ሰው ጥቅሙ ላይ የመጀመሪያው ባለመብት ነው። በቸርነት የሚሰጠው ነገር አይደለም፤ ቦታውን ያበላሸነው እኛ ሆነን ሳለ የከፈሉት እነሱ ናቸውና።

ስለዚህ ወንበርና ፏፏቴ ከመታሰቡ በፊት የአፈሩ ምርመራ ውጤት በር ላይ ይለጠፍ፤ ማንም አንባቢ በሚረዳው አማርኛ። ነዋሪው እዚያው የሚቆይበት ቤት ከአበባው ቀድሞ ይሠራ። የሞቱት ሰዎች ስም የሚጻፍበት ድንጋይስ? እሱን ቤተሰቦቻቸው ይወስኑ። እኔ ብጠየቅ ግን ዋናው መግቢያ ጋ ይቁም እላለሁ፤ ከጓሮ በኩል አይሁን።